የበለጠች ዘጠኝ ማግስቶች

እኔ ክንዴ ነገን የምወድ ሰው ነኝ። በመንደራችን በአምባራስ ይህን የማያውቅ የለም፤ ብደብቃችሁም ጎረቤቴ ያርጋል ነግሮ አይጠግብም፣ ስለዚህ ራሴ ብናገረው ይሻላል። ሰነፍ ግን አይደለሁም። አርሳለሁ፣ አጭዳለሁ፣ ገብሴም ከማንም ገብስ አያንስም። ችግሬ ሌላ ነው። አዲስ ሥራ ሲመጣ፣ በተለይ ብዙ ጫፍ ያለው ሥራ ሲሆን፣ ከየት እንደምጀምረው ይጠፋኛል። ሲጠፋኝ «ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል» እላለሁ። በእኛ አገር ደግሞ በዓል ሞልቷል።

የማወራላችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ሚስቴ ስለ በለጠች ነው። በለጠች ከዳባት ወዲያ ካለ ቀበሌ ተድራ የመጣችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አሁን አርባ ሁለት ሆኗታል። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯም አጭር። ትምህርት ቤት አልገባችም፣ ፊደል አትለይም፤ ሥራ እንዴት እንደሚጀመር ግን ታውቃለች። ለሠርግ ሁለት መቶ ሰው ተጠርቶ ሴቱ ሁሉ «እንዴት ይደረሳል» እያለ ራሱን ሲይዝ፣ እሷ ዝም ብላ ተነሥታ አንድ ጋን ታጥባለች። ያ ታጥቦ ሲደፋ ሌላው ይከተላል። ሃያ አራት ዓመት አብሬያት ስኖር ግራ ሲገባት ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ ጥፋት። እዚያ እደርሳለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት በማኅበር ተደራጅተን ደባርቅ ከተማ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ ተመራን። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ በሁለት ዓመት ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ካልቆመበት ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሁለት ዓመቱ አለፈ። አንድ ዓመት ጨመሩልን። እሱም አልቆ የካቲት ሠላሳ የመጨረሻው ቀን ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ልመና የለም ተባልን።

ለከተማ ሰው ቤት መቀየር ማለት ዕቃ ጭኖ መሄድ ነው። ለእኛ ቤቱን ራሱን ነቅሎ መሄድ ነው። መንደራችን ፓርክ ክልል ውስጥ ስለ ሆነ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የደባርቅ አጣና ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ያለን እንጨትና ቆርቆሮ እኛው ላይ የቆመው ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ቆርቆሮ ቤት፣ መካከሉ ላይ አባቴ የተከለው የጥድ ምሰሶ ያለበት። አዲሱን ለማቆም አሮጌውን ማፍረስ አለብን። አሮጌውን ለማፍረስ ደግሞ እህሉን፣ ከብቱን፣ ዕቃውን አስቀድሞ አንድ ቦታ ማድረስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ባሰብኩ ቁጥር ራሴን ያመኛል። «ከመስቀል በኋላ» አልኩ። ከዚያ «አዝመራው ይግባና» አልኩ። ከዚያ «ከገና በኋላ»።

ለምን እንደምንሄድ ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ናት ያለችን፣ አመተ ማርያም ትባላለች፣ ደባርቅ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ከዘጠነኛ ጀምሮ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ብቻዋን ናት፤ እኛ በየሁለት ሳምንቱ በሶና ዱቄት እናደርስላታለን። እንደ እሷ ከየገጠሩ ወርደው የሚማሩ ብዙ ናቸው፣ አዲስ ነገር አይደለም። የክፍሏን ቁልፍ እንዳይጠፋባት ከማተቧ ጋር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩባት። «እንደ በግ ቃጭል አሰርሽ እንዴ?» አልኳት። እሷም ሳቀች።

በገና ወደ ቤት መጣች። ምሳ በልተን ስንጨርስ እጇን ታጥባ ተቀመጠችና፣ «እማ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልመለስም» አለች።

«ምን ሆነሽ?» አለቻት በለጠች።

«ማታ ማታ አንድ ሰው በሬን ያንኳኳል። ማነህ ስለው ስሙን አይናገርም። እስኪሄድ ድረስ አልጋዬን በሩ ላይ ገፍቼ እቀመጣለሁ። ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ይህን ስትናገር ያቺን ቁልፍ በጣቷ እያሻሸች ነው። ልጄ ከክፍሏ ሦስተኛ የወጣች ናት። አንጀቴ ተቃጠለ፤ ያን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው እኔ ነኝ የማውቀው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አይዞሽ ልጄ፣ ከጥምቀት በኋላ አንድ ነገር እናደርጋለን» አልኩ። በለጠች ተነሥታ ሰሃኑን ሰበሰበች።

በዓሉ ሲያልፍ በለጠች አብራት ወረደችና ለአከራይዋ ነግራ፣ ማታ ማታ ከአጠገቧ ከምትኖር ተማሪ ጋር እንድታድር አደረገች። ለጊዜው ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ልጅቱም እንደዚያ ነው የነገረቻት፤ «እስከ ፋሲካ እሞክራለሁ፣ ከዚያ እመጣለሁ» ብላ። እንግዲህ ቦታው ከተወሰደብን ደባርቅ የምንወርድበት ቤት የለንም፤ ካልወረድን ልጄ ከትምህርቷ ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ጥምቀትን ያሳለፍኩት።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በለጠች ነጠላዬን ጎተት አደረገችና ወደ ቄስ መልከ ጼዴቅ ወሰደችኝ። ቄስ መልከ ጼዴቅ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ የሰፈራችንን የኪዳነምሕረትን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ። ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፤ ቃሉን አላምጠው ነው የሚያወጡት።

«አባ፣» አለቻቸው፣ «በየካቲት በእኛ ደብር ሥራ የማይሠራበት በዓል የትኛው የትኛው ነው? አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

እሳቸውም በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «አምስት አቦ። ሰባት ሥላሴ። አሥራ ሁለት ሚካኤል። አሥራ ስድስት ኪዳነምሕረት፣ የእኛው ንግሥ። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል። ሃያ አንድ ማርያም። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም። ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። ሰንበት እንዳለ ሆኖ ዘጠኝ ነው ልጄ» አሏት።

እኔ የምገባበት ቀዳዳ ያየሁ መስሎኝ፣ «አባ፣ ሠላሳውም ቀን እኮ ጻድቅ ወይም ሰማዕት አለበት» አልኳቸው።

«አለበት። አንተ ሠላሳውንም ታከብራለህ?»

«እሞክራለሁ።»

«ባለፈው በተክለ ሃይማኖት ዕለት በደጅህ ሳልፍ እንጨት ስትፈልጥ ያየሁት ማንን ነበር?» አሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ በለጠች ወደፊት ወደፊት እየሄደች፣ ዞር ሳትል እንዲህ አለችኝ፦ «ዘጠኝ በዓል ካለ ዘጠኝ ማግስት አለ። በበዓሉ እናርፋለን። በማግስቱ አንድ ሥራ እንሠራለን። አንድ ብቻ። የሚቀጥለውን ሥራ እንድታስበውም አልፈልግም።»

«በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን እንደ ወትሮህ ኑር።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔውኑ ቀለለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁሉም ባንድ ላይ እየመጣ ነበር የሚያስጨንቀኝ። አንድ ሥራማ ማን ያቅተዋል? ደግሞ ተናደድኩም። ሰበብ ሳደርጋቸው የኖርኩትን በዓላት ወስዳ በእኔው ላይ ቀጠሮ አደረገቻቸው።

ቤት ገብታ ከምድጃው ከሰል አነሣችና የአባቴ ምሰሶ ላይ ዘጠኝ መስመር አሰመረች። ከላይ ጀምራ ጣቷን እያስቀመጠች ነገረችኝ። በአቦ ማግስት ዕቃ መለየት፣ በሥላሴ ማግስት እህሉን፣ በሚካኤል ማግስት ከብቱን። በኪዳነምሕረት ማግስት ቤቱን። አራት ሲሞላ እንወርዳለን፤ ከገብርኤል ማግስት ጀምሮ ያለው እዚያ ደባርቅ ነው፤ ጉድጓድ፣ ምሰሶ፣ ጣራ፣ ጭቃ። ስምንት ሆነ።

«ዘጠነኛውስ?» አልኳት። ዘጠነኛው የበዓለ ወልድ ማግስት ነው፣ ሠላሳ፣ የመጨረሻው ቀን።

«እሱ የእኔ ነው» አለችና ከሰሉን ወደ ምድጃው መለሰችው።

የካቲት ስድስት ዕቃውን ሁሉ ደጅ አወጣን። እንስራው፣ ስልቻው፣ ጀሪካኑ፣ ቁርበቱ፣ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፤ ለካ ድሃ ነኝ የሚል ሰውም ይህን ያህል ዕቃ አለው። ሕጓ አንድ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ያልነካነው አብሮን አይሄድም። እኔ የማይሠራ ሬዲዮ፣ ሦስት ያለቀ ማረሻና የበቅሎ ኮርቻ ይዤ ቆምኩ።

«ኮርቻው ይሄዳል» አልኩ።

«በቅሎዋ ከሞተች ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት።»

ኮርቻውን ያርጋል ወሰደው። ያርጋል የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ እየጫነ የሚያድር ሰው ነውና ደስ ብሎት ነው የወሰደው። እኔም ሥራው ሲቃለል አየሁና ሞቅ አለኝ፤ እኔ ከጀመርኩ ደግሞ ልክ የለኝም። ጉጠት ይዤ ጣራው ላይ ልወጣ ስል በለጠች ያዘችኝ። «ውረድ። የዛሬው አልቋል። ዛሬ ቆርቆሮ ብትነቅል ማታ የት ልትተኛ ነው?» አለችኝ። ከዚያም ለእኔ ብቻ የሆነ አንድ ሥራ ሰጠችኝ። «ለአሥራ ሰባት ሃያ ሰው ደቦ ትጠራለህ። እንጨቱን አፍርሰው እስከ መኪና መንገዱ ድረስ የሚያወጡልን። በማግስቱ ጠዋት የተነጋገርኩት የጭነት አይሱዙ ይመጣል። አደራ።»

«ይቺማ ምን አላት» አልኩ።

የካቲት ስምንት ጎታውን ባዶ አደረግን። ስምንት ኩንታል ገብስ በማዳበሪያ ሞላን። ጎታው እሷ ራሷ በሙሽርነቷ ዓመት ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሠራችው ነው፤ ቤት ውስጥ ስለ ተሠራ ከበሩ ይሰፋል፣ አይወጣም። «ግድ የለም እንተወው፣ ማፍረሱ ደስ አይልም» አልኳት። «ማን ሊገባበት? አይጥ?» አለችና ዘነዘናውን አንሥታ መታችው። ሦስት ጊዜ ከመታች በኋላ አንድ ስባሪ አነሣች። ውስጡ ላይ የጣቶቿ ፈለግ አለ፤ ያኔ በእርጥቡ ስትለስነው የቀረ። ጣቶቿን ፈለጉ ላይ አስቀምጣ አየች። ልክ አልሆነም፣ የያኔዋ እጇ ቀጭን ነበረች። «ወፍሬያለሁ» አለች። ስባሪውን ጥላ መምታቷን ቀጠለች። እኔ ግን ወደ ውጭ ወጣሁ።

በአሥራ ሦስት በጎቹን ያርጋል ተረከበን፤ እሱ እየጠበቀ ግልገሉን እኩል ልንካፈል። በሬዎቹም እሱ ጋ ሆነው እኔ በየጊዜው እየወጣሁ መሬቴን ላርስ ተስማማን። ይህን ስሰማ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ምክንያቱም፣ ካወራሁ አይቀር ልናገረው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ሥራውን ብቻ አልነበረም። አምባራስ ውስጥ እኔ አያ ክንዴ ነኝ። ደባርቅ ወርጄ ማን ልሆን ነው? የሚል ነገር ውስጤ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለበለጠችም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

አሥራ ስድስት ኪዳነምሕረት ነገሠች። ታቦቷ ወጥታ ገባች፣ ዘመድ አዝማድ ተገናኘ፣ ጠላው ተጠጣ። ባለፉት ቀናት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ለደቦው ነግሬ ነበር፤ ያን ዕለትም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደግሜ ነገርኩ። ሁሉም «እንዴታ፣ እንመጣለን» ይለኛል። ሃያ ሳይሆን ሃያ አምስት ሰው ነው የጠራሁት። ኮራሁ።

በማግስቱ ንጋት ላይ በለጠች ለሃያ ሰው ድፎ ዳቦ ቆርሳ፣ ሽሮውን ጥዳ፣ ጠላውን አቅርባ ጨርሳለች። ፀሐይ ወጣች። ማንም አልመጣም። ቆየን። ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሄደ። ማንም የለም።

«ክንዴ፣ ሰዎቹን ምን ብለህ ነው የጠራሃቸው?» አለችኝ።

«ከኪዳነምሕረት በኋላ ቤቴን አፍርሱልኝ ብዬ ነዋ።»

«በማግስቱ አላልክም?»

አላልኩም። በሕይወቴ ብዬ አላውቅም። የለመደ አፌ «ከበዓሉ በኋላ» ብሎ ነው የጠራቸው፣ እነሱም የለመዱትን ሰምተው ነው እሺ ያሉኝ። በለጠች ዳቦውን አየች፣ ጣራውን አየች፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ግራ ሲገባት ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አይሱዙው ነገ ጠዋት መንገዱ ላይ ይቆማል፤ ዛሬ ካልፈረሰ ነገ የሚጫን የለም፤ ሾፌሩ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ልጄን ምን ልላት ነው?» አለች። ወደ እኔ እንኳ አላየችም።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ያርጋል ቤት ሮጥኩ። ቤቱ ከማዶ ነው፣ ሸለቆውን ወርዶ መውጣት አለ። ስደርስ ደጁ ላይ በቅሎ ያበላል።

«ያርጋል፣ ለምን አልመጣህም?»

«ዛሬ ነው እንዴ?» አለኝ። «አንተ እኮ በኋላ ነው ያልከኝ፣ አያ ክንዴ። አንተ በኋላ ካልክ እስከሚመጣው ኪዳነምሕረት ድረስ ጊዜ አለኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩ።» ይህን ብሎ ሳይጨርስ ዐይኑ ከትከሻዬ በላይ ቀረ። «ጣራህ ላይ ያለው ማነው?»

ዞርኩ። ከማዶ፣ የእኔው ቤት ጣራ ላይ፣ አጭር ሴት ቆማለች። ቀሚሷን በመቀነት ጠቅልላ አስራ ሚስማር ትነቅላለች። በእኛ አገር ሴት ጣራ ላይ ወጥታ አይታወቅም። ከዚያ ጣራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከአራቱም ማዕዘን ካለ ቤት ሁሉ ይታያል።

«በል፣ ሰው ሳይስቅብህ እንሂድ» አለ ያርጋል በቅሎዎቹን እየፈታ። ግን ረፍዶ ነበር፤ ተመልሰን ስንደርስ ግቢያችን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ቆሟል፤ ሌላውም በየአቅጣጫው እየመጣ ነው። አንዱ ሽማግሌ ደረታቸውን ይዘው እያለከለኩ፣ «ክንዴ ሞቶ ነው ብዬ እኮ ነው የመጣሁ» አሉ። ቄስ መልከ ጼዴቅም መጥተዋል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ላይ እያዩ። ሳቃቸውን ይዘውት ነበር መሰለኝ።

«በለጠች፣ ውረጂ» አልኳት። ጆሮዬ ድረስ ነዶኛል።

«አንተ ስትወጣ እወርዳለሁ» አለችኝ።

ወጣሁ። ወረደች። ከዚያ በኋላ ማንም ሥራው መቼ ይጀመራል ብሎ አልጠየቀም። ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ሚስማሩ እየተቃና በጣሳ ተጠራቀመ፣ ማገሩ ተፈታ። ዳቦው አለቀ። ከሰዓት በኋላ የቀረው መካከሉ ላይ ያለው የአባቴ ምሰሶ ብቻ ነበር። ሥሩን ቆፍረን ካላላነው በኋላ ሰዎቹ ሊስቡት ሲሉ «ቆዩ» አልኩ። አቀፍኩት። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ሃያ ሰው ፊት። በለጠች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ደባርቅ ማንም አያውቀኝም» አልኳት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አመተ ማርያም ታውቅሃለች» አለችኝ። «በል ሳበው። እዚህ የሚቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው።»

ሳብኩት። ከሰሉ መስመር እንዳይጠፋ እሷ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ሚስማሩ የገባበትን ጣሳ ቄስ መልከ ጼዴቅ ራሳቸው ይዘው እስከ መኪናው መንገድ ሸኙን፤ የተጠቀለለውን ምሰሶም ባርከው ተመለሱ። ያን ሌሊት ያርጋል ቤት አደርን። በማግስቱ አይሱዙው መጣ፣ ጫንን፣ ወረድን። ጎረቤቶቻችን መንገዱ ዳር ቆመው ሲሸኙን ያርጋል፣ «አያ ክንዴ፣ በኋላ እንገናኝ» አለኝ። ሁሉም ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ደባርቅ ላይ ሦስታችንም እዚያች የኪራይ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ሰነበትን። ያ ሰው አንድ ቀን ማታ መጥቶ አንኳኳ። እኔ ነኝ የከፈትኩለት። አየኝና ቤት ተሳስቻለሁ አለኝ፤ የምሰሶ ጉድጓድ ስቆፍርበት የዋልኩትን ዶማ እንደያዝኩ ነበርና ሌላ ነገር ሳይጨምር ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ሥራው እንደ ቀጠሮው ሄደ። በገብርኤል ማግስት ጉድጓድ፣ በማርያም ማግስት ምሰሶ። ሃያ አራት ላይ ወገቤን አሞኝ ነበርና፣ «ዛሬ እኮ ተክለ ሃይማኖት ነው» ብዬ ሞከርኩ። በለጠች ወደ ጣራው አየች። አውቄዋለሁ ያን አስተያየት። ሳትቀድመኝ ወጣሁ። ሃያ ስምንት ላይ ጭቃውን ረግጠን ግድግዳውን መረግን፤ አመተ ማርያም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ገባችበት፣ የጓደኞቿም ሦስቱ። ምርጊቱ የተሰነጠቀ ቦታ አለው፣ በሩም ትንሽ ይጣበቃል። ግን ቆሟል፣ ቆርቆሮ ለብሷል። በየማግስቱ በለጠች ምሰሶው ላይ አንድ መስመር ትሰርዛለች።

ሠላሳ ደረሰ። ጠዋት አንድ ወጣት መዝገብ ይዞ መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ አስፈረመኝ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ሄደ። ሦስት ዓመት ያስጨነቀኝ ነገር በዚያች ቅጽበት አለቀ። አልጋዎቻችንን ከኪራይ ክፍሉ አምጥተን አስገባን። እኔ እንደ ልማዴ ሞቅ ብሎኛል። «አሁን አጥሩን እንጀምር? ወይስ መጸዳጃውን? በሩንስ ላስተካክለው?» እያልኩ እዞራለሁ።

«ዛሬ ዘጠነኛው ነው፣ የእኔ ቀን» አለችኝ በለጠች።

«እኮ፣ ሥራው ምንድን ነው?»

«ቤት እውላለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ልጄ ስትመጣ ቤት እገኛለሁ።»

በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። በሩን ዘግታው ነበር፤ መንገዱ አቧራ ነው። እኔ ውጭ ድንጋይ እየለቀምኩ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ አመተ ማርያም ደብተሯን አቅፋ መጣች። እኔን አላየችኝም። በሩ ጋ ደረሰች፣ ቆመች፣ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ማተቧን ስባ ቁልፏን አወጣች። ልማድ ነው፤ ሁለት ዓመት ያደረገችው። ቁልፉን ወደ በሩ ዘርግታ፣ ለዚያ በር እንዳልሆነ ትዝ ሲላት እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። እናቷ ኮቴዋን ሰምታ ኖሮ በሩን ከውስጥ ከፈተችው።

«ግቢ እንጂ፣ ምሳ ደርሷል» አለቻት።

ልጄ አልገባችም። ቁልፉን እንደያዘች እናቷን ታያለች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠና እዚያው ደጃፉ ላይ የእናቷን አንገት አቅፋ አለቀሰች። እኔ ድንጋዩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «ከበዓሉ በኋላ» እያልኩ ሁለት ዓመት ያዘገየሁት ይህን ነበር። ቤት አልነበረም፤ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር የሚከፍትላት ሰው ነበር። አፈርኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፣ ሁለቱ ባንድ ላይ።

ስትረጋጋ ማተቧን ጎንበስ ብላ ፈታች፣ ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ማተቧን መልሳ አሰረች። ከምድጃው ከሰል አንሥታ ምሰሶው ላይ የመጨረሻውን መስመር ራሷ ሰረዘችው። ቀጥሎ ምሳዋን በላችና ደብተሯን ዘረጋች። «አባ፣ በሩን ክፍት ልተወው?» አለችኝ። «ተይው» አልኳት። አቧራው ገባ፤ ማንም አልዘጋውም።

በለጠች ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አየችና ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ነገ ለአከራይዋ ትመልስላታለህ» አለችኝ።

ጫማዬን አደረግሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ልመልሰው» አልኳትና ወጣሁ።